የጠቆረው ሰንጋ፦ በአንድ የድሬዳዋ ቅርጫ ላይ የተነሣ ክርክርና የጡንቻው ፎስፎሪሌዝ

ለፋሲካ ሁለት በሬ በቅርጫ ያረዱ የሳቢያን ሠፈር ጎረቤታሞች ዕጣ ሳይጥሉ ተጣሉ። የጠቡ መነሻ በውድ ዋጋ የተገዛው የሐረርጌ ሰንጋ ነው። ስቡ ነጭና ወፍራም ሆኖ ሳለ ቀዩ ሥጋ ጠቁሮ ወደ ሐምራዊ ያደላ ነበር፤ ላዩ ደረቅ ይመስላል፣ ሲነካ ግን ጣት ላይ ያጣብቃል። አጠገቡ በተዘረጋው ኬሻ ላይ ደግሞ ዋጋ ለማቻቻል ተብሎ በርካሽ የተገዛው፣ ጎድኑ የሚቆጠር የእርሻ በሬ ሥጋ ደምቆ ቀልቶ ይታያል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆነ። ሰው የከፈለው ለሰንጋው ነው፤ ዓይኑ የወደደው ግን የከሳውን በሬ ሥጋ ነው።

በዚህ ቅርጫ ውስጥ እኔም አንድ መደብ ነበረኝ። ሙያዬ የእንስሳት ሕክምና ስለሆነ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለቱንም በሬዎች ያየሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ክሱ በሁለት ሰዎች ላይ ተሰነዘረ፤ በመጀመሪያ በሬውን በገዙት የምድር ባቡር ጡረተኛ ላይ፣ ቀጥሎም በእኔ ላይ። ሽማግሌው በየዓመቱ ያለ አበል ገበያ እየወጡ የሚገዙልን ሰው ናቸው፤ ያን ዕለት ግን ከደላላ ጋር እንደተመሳጠሩ በሹክሹክታ ይወራባቸው ጀመር። አንዲት እናት ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ ዶክተር፣ አንተ አየሁት ያልከን ይኼንን ነው?» አሉኝ።

የተነሡት ግምቶች ሦስት ነበሩ። አንዱ፣ በሬው ደሙ በደንብ አልፈሰሰም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሲታረድ ሊሞት ጥቂት የቀረው በሽተኛ ነበር ይላል። ሦስተኛውን ማንም ጮክ ብሎ ሊናገረው አልደፈረም፤ በመጨረሻ ግን አንድ ወጣት «አባ ሰንጋ ቢሆንስ?» ብሎ አወጣው፤ ሁሉም እጁን ከሥጋው ላይ አነሣ።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ከአደገኛው መጀመር ስለሆነ ከዚሁ ከመጨረሻው ጀመርኩ። አባ ሰንጋ የሚጠረጠር ከብት ጭራሽ መታረድም መከፈትም የለበትም፤ ቅዳሜ ሳየው ግን የሚያስጠረጥር ምልክት አልነበረውም። የሰውነቱ ሙቀት ለበሬ በተለመደው መጠን ውስጥ ነበር፣ አተነፋፈሱ የረጋ ነበር፣ ዕጢዎቹም አላበጡም። ከታረደ በኋላ ደሙ እንደ ወጉ ረግቷል፤ ጣፊያው መጠኑን የጠበቀ፣ ጠርዙ የሰላ ነበር። አባ ሰንጋ ቢሆን ኖሮ ደሙ ጠቁሮ ሳይረጋ ይቀር፣ ጣፊያውም አብጦ ይፈርስ ነበር። ጉበትና ሳንባውም ንጹሕ ናቸው። የደሙን መፍሰስ በተመለከተ ደግሞ ሁለቱንም ያረደው አንድ ሰው ነው፣ ቢላዋውም አንድ ነው፤ የሰንጋው ትልልቅ የደም ሥሮች ባዶ ነበሩ። ሥጋን የሚያቀላው በደም ሥር ውስጥ የቀረ ደም ነው የሚለው እምነት በአገራችን ሥር የሰደደ ቢሆንም ትክክል አይደለም። የሥጋ ቀለም በአብዛኛው የሚመጣው በጡንቻው ክር ውስጥ ኦክስጅን ከሚይዘው ማዮግሎቢን ከሚባለው ፕሮቲን ነው፤ እሱ ደግሞ አንገት ሲቆረጥ አይፈስም።

አንድ ነገር ግን ቆዳው ሲገፈፍ ዓይኔን ያዘው። በሰንጋው ጎድንና ታፋ ላይ ከቆዳው ሥር አዲስ የቀንድ ግጭት ምልክቶች ነበሩ፤ ጀርባውም ላይ ከላይ የወጣበት እንስሳ ያስቀረው የሚመስል ሰንበር ነበረው። በእርሻው በሬ ላይ ከአሮጌ የቀንበር ጠባሳ በቀር ምንም የለም።

ለወተት ምርመራ የምጠቀምበትን የፒኤች (የአሲድነት ልክ፤ አሲዱ ሲበዛ ቁጥሩ ይወርዳል) መለኪያ ከቤት አመጣሁና ከሁለቱም በሬዎች ከጀርባው ረጅም ጡንቻ ላይ ለካሁ። በሕይወት ያለ፣ ያረፈ ጡንቻ ፒኤች 7 ገደማ ነው፤ ከዕርድ በኋላ ወደ 5.5 አካባቢ ሊወርድ ይገባል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የእርሻው በሬ 6.1፣ ሰንጋው 6.7 አሳየ። በዚህ ሰዓት ገና ስለሆነ ምንም መፍረድ አይቻልም፤ አንዱ ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከሁለቱም ቁራሽ አስቀርቼ ወደ ማታ ደግሜ ለካሁ። የእርሻው በሬ 5.6 ደርሶ ነበር። ሰንጋው 6.5 ላይ ቆሟል። ዘግይቶ ሳይሆን የሚሄድበት አጥቶ ነው የቆመው። ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ሥጋ ጥቁር፣ ጠጣርና ደረቅ ብለው ይመድቡታል፤ የመጨረሻው ፒኤች ከ6 በላይ ሲሆን ምልክቱ የታወቀ ነው። ስም መስጠት ግን ምክንያት ማግኘት አይደለም፤ ጎረቤቶቼም የጠየቁኝ ምክንያቱን ነው።

ፒኤቹን የሚያወርደው ላክቲክ አሲድ ነው። ላክቲክ አሲዱ የሚገኘው በጡንቻ ውስጥ ከተከማቸው ግላይኮጅን ከሚባለው የስታርች ዘመድ ነው። በግላይኮጅኑና በአሲዱ መካከል ባለው መንገድ መግቢያ ላይ የቆመው ደግሞ ግላይኮጅን ፎስፎሪሌዝ የተባለው ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካላዊ ሥራን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ታዲያ ፒኤቹ ካልወረደ ሁለት ነገሮች አንዱ ሆኗል ማለት ነው፤ ወይ ኢንዛይሙ አልሠራም፣ ወይ የሚሠራበት አጥቷል። የጉዳዩ ቁልፍ ይህ ልዩነት ስለሆነ በኢንዛይሙ ላይ ጥቂት እንቆይ።

ግላይኮጅን እጅግ ብዙ የግሉኮስ ቅንጣቶች ተያይዘው የሚሠሩት ቅርንጫፋም ሞለኪውል ነው። ፎስፎሪሌዝ ከቅርንጫፎቹ ጫፍ እየጀመረ አንድ በአንድ ይነቅላል። የሚነቅለው ግን ምራቅና ቆሽት ስታርችን እንደሚያፈርሱት በውኃ አይደለም፤ በፎስፌት ነው። ስለዚህ የሚወጣው ተራ ግሉኮስ ሳይሆን ፎስፌት የተለጠፈበት፣ ግሉኮስ-1-ፎስፌት የሚባል ነው። ይህን ውሕድ በ1936 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለይተው ያወቁት በአሜሪካ ሴንት ልዊስ ይሠሩ የነበሩት ባልና ሚስት ካርልና ጌርቲ ኮሪ ናቸው፤ በ1947 በሕክምና የኖቤል ሽልማት ሲያገኙ ጌርቲ በዚህ ዘርፍ የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

በፎስፌት መንቀሉ ለጡንቻ ሁለት ጥቅም አለው። ፎስፌት የተለጠፈበት ስኳር የሴሉን ሽፋን አልፎ ሊወጣ አይችልም፤ ጡንቻ ደግሞ ጉበት ያለውን ፎስፌቱን የሚያላቅቅ ኢንዛይም ስለሌለው ያከማቸውን ለራሱ ብቻ ይጠቀማል። በተጨማሪም አንድ ግሉኮስ ከደም ገብቶ ያለ ኦክስጅን ሲፈርስ ለሴሉ 2 ኤቲፒ (ሴሉ ለሥራው የሚከፍለው የጉልበት ሳንቲም) ሲያተርፍ፣ በፎስፎሪሌዝ ተነቅሎ የመጣው 3 ያተርፋል፤ የመጀመሪያው ፎስፌት ያለ ክፍያ ተለጥፎበታልና። ለሚሮጥ ወይም ለሚዋጋ እንስሳ ይህች አንዷ ቀላል አይደለችም።

ኢንዛይሙ የራሱ ወሰን አለው። ቅርንጫፍ ከሚነሣበት ቦታ 4 የግሉኮስ ቅንጣት ሲቀረው ይቆማል። ያኔ ቅርንጫፍ አፍራሹ ሌላ ኢንዛይም ሦስቱን ወደ ሌላ ጫፍ አሻግሮ የመጨረሻዋን ይነቅላል፤ መንገዱ ሲጠረግለት ፎስፎሪሌዝ ይቀጥላል።

ቅርጹም ሊታወቅ የሚገባው ነው። የጡንቻው ፎስፎሪሌዝ እያንዳንዳቸው 842 አሚኖ አሲድ ያላቸው ሁለት ተመሳሳይ ክፍሎች ተጣምረው የሚሠሩት ትልቅ ፕሮቲን ነው። በእያንዳንዱ ክፍል ልብ ውስጥ ከቪታሚን ቢ6 የተገኘ አንድ ሞለኪውል ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ያለ እሱ ሥራ የለም። ከሰውነት የቢ6 ክምችት ትልቁ ድርሻ ጡንቻ ውስጥ ከዚህ ኢንዛይም ጋር ተጣብቆ መገኘቱ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው።

ለእኛ ክርክር ወሳኙ ግን የኢንዛይሙ አነሣስና አተኛኘት ነው። ባረፈ ጡንቻ ውስጥ ፎስፎሪሌዝ «ቢ» በሚባል የተኛ መልኩ ይገኛል። ሴሉ ጉልበት ሲያጥረው ኤኤምፒ (ከተመነዘረ ኤቲፒ የሚቀረው) ይበዛል፣ ኤኤምፒም ኢንዛይሙን ያነሣሣዋል፤ ኤቲፒና ግሉኮስ-6-ፎስፌት (ግሉኮስ-1-ፎስፌት ቀጥሎ የሚለወጥበት ስኳር) ሲበዙ ደግሞ ያስተኙታል። ይህ ሴሉ የራሱን ኪስ እያየ የሚወስነው ነው። ሁለተኛው አነሣስ ከውጭ የሚመጣ ትእዛዝ ነው። እንስሳው ሲደነግጥ ወይም ሲቆጣ አድሬናሊን ይረጫል፤ አድሬናሊን በሴሉ ውስጥ የመልእክት ሰንሰለት ያስጀምራል፤ ሰንሰለቱ የሚያበቃው ፎስፎሪሌዝ ካይኔዝ የተባለ ሌላ ኢንዛይም በፎስፎሪሌዙ 14ኛ አሚኖ አሲድ ላይ ፎስፌት ሲለጥፍ ነው። አሁን ኢንዛይሙ «ኤ» የሚባለውን መልኩን ይይዛል፤ የኤኤምፒን ፈቃድ ሳይጠብቅ ይሠራል። ይህን የመለጠፍ ዘዴ በ1950ዎቹ አጋማሽ ያገኙት ኤድመንድ ፊሸርና ኤድዊን ክሬብስ በ1992 ተሸልመውበታል፤ የአድሬናሊኑን መልእክት አስተላላፊ ያገኘው ኧርል ሰዘርላንድም በ1971። ሦስተኛው መንገድ ነርቭ ነው። ጡንቻ እንዲኮማተር ሲታዘዝ የሚለቀቀው ካልሲየም ራሱ ያንኑ ካይኔዝ ያነሣሣል። ስለዚህ የሚቆጣና የሚገፋ በሬ ጡንቻውን በሁለት በኩል ያዝዛል፤ በአድሬናሊንም በካልሲየምም።

ከዕርድ በኋላ ምን ይሆናል? ደም ቆሟል፣ ኦክስጅን የለም፤ የጡንቻው ሴሎች ግን ወዲያው አይሞቱም። ኤቲፒ ያልቃል፣ ኤኤምፒ ይከማቻል፣ ፎስፎሪሌዝም ይነሣና የቀረውን ግላይኮጅን ይነቅላል። የሚያቃጥለው ኦክስጅን ስለሌለ እያንዳንዱ የግሉኮስ ቅንጣት ሁለት ላክቲክ አሲድ ሆኖ እዚያው ይቀራል። በደንብ የበላና ያረፈ በሬ በአንድ ኪሎ ጡንቻ ውስጥ በግምት ከ12 እስከ 18 ግራም ግላይኮጅን ይኖረዋል። ፒኤቹን ወደ 5.5 ለማድረስ 8 ግራም ገደማ ይበቃል፤ ከዚያ በእጅጉ ካነሰ አሲዱ ያጥራል። ወፍጮው፣ ማለትም ኢንዛይሙ፣ ቢነሣም እህል፣ ማለትም ግላይኮጅን፣ አልገባበትም።

ይህን ለሽማግሌው ሳስረዳ የጠየቁኝ ጥያቄ ከብዙ ተማሪ ጥያቄ ይበልጣል፦ «ዶክተር፣ ታዲያ ወፍጮው ራሱ ተሰብሮ እንደሆነስ በምን ታውቃለህ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ፎስፎሪሌዝ ከውልደት የሚጎድልበት ሁኔታ አለ። በሰው ላይ ብራየን ማክአርድል የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1951 የጻፈው በሽታ ነው፤ ታካሚው እጁን አጥብቆ ሲሠራ ጡንቻው ይታመማል፣ ደሙ ውስጥ ግን ላክቲክ አሲድ አይጨምርም። የጎደለው የጡንቻ ፎስፎሪሌዝ መሆኑ የታወቀው በ1959 ነው። ሻሮሌ በሚባለው የፈረንሳይ የከብት ዝርያ ላይም ተመሳሳይ ጉድለት ታይቷል። ለሰንጋው ይህን መጠርጠር ሩቅ መሄድ ነው፤ ለዓመታት አርሶ የነበረ በሬ እንዲህ ያለ ጉድለት ቢኖርበት ገበሬው ቀድሞ ያውቀው ነበር። ሆኖም ጥያቄው ተገቢ ስለነበር በበረዶ የታሸጉ ሁለት ቁራሾች ይዤ ሐረር ወጣሁ። እዚያ በማስተማሪያ ላብራቶሪ የሚሠራ የሙያ ጓደኛ አለኝ።

እሱ የተጠቀመው ዘዴ የኮሪዎችን ዘመን የሚያስታውስ ነው። የፎስፎሪሌዝ ሥራ በመርማሪ ቱቦ ውስጥ ወደ ኋላም ሊሄድ ይችላል። ግሉኮስ-1-ፎስፌትና ጥቂት ግላይኮጅን ሲሰጡት ስኳሩን በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ይቀጥልና ፎስፌቱን ይለቃል፤ የተለቀቀው ፎስፌት ሞሊብዴት በሚባል ኬሚካል ሰማያዊ ቀለም ይሰጣል፤ የቀለሙ ጥልቀት ሥራውን ይለካል። በሕያው ጡንቻ ውስጥ ነፃው ፎስፌት ከግሉኮስ-1-ፎስፌቱ ከመቶ እጥፍ በላይ ስለሚሆን ኢንዛይሙ በተግባር የሚሄደው ወደ መፍረሱ ብቻ ነው፤ ቱቦ ውስጥ ግን መጠኑን የምንወስነው እኛ ነን። ሁለቱም ሥጋዎች ተፈጭተው ኤኤምፒ ሲጨመርባቸው ሁለቱም ሰማያዊ ሆኑ፤ የጠቆረው ሥጋ ከቀይው በዓይን የሚለይ ጉድለት አላሳየም። ወፍጮው ደኅና ነው።

ስለዚህ የቀረው እህሉ የት ሄደ የሚለው ነው። ለዚህ መልሱን ያገኘሁት ከላብራቶሪ ሳይሆን ከሽማግሌው፣ በሬው ካደረበት ግቢ ዘበኛና ከራሱ ከገበሬው ነው።

የሐረርጌ ሰንጋ እንዴት እንደሚደልብ የምሥራቁ ሰው ያውቃል። መሬት ጠባብ ስለሆነ ገበሬው ከብት አያሰማራም፤ አንድ ወይም ሁለት በሬ ደጁ ላይ አስሮ የማሽላና የበቆሎ ችግኝ ሲያሳሳ የነቀለውን፣ ቅጠሉን፣ አገዳውን፣ የስኳር ድንች ሐረጉን በእጁ እያቀረበ ያበላዋል። ወራት ያልፋሉ። በሬው የሚያውቀው የባለቤቱን እጅ፣ የልጆቹን ድምፅና ያንኑ ካስማ ነው። ገበሬው በስልክ እንደነገረን ይህ ሰንጋ ሐሙስ ዕለት ወደ ገበያ እስኪነዳ ድረስ ከሌላ በሬ ጋር ከተገናኘ ቆይቷል።

ያን ሐሙስ ደጋው ላይ ካለው ገበያ ተገዝቶ የሌሎች ሰዎች በሬዎች በተጫኑበት አይሱዙ ላይ ወጣ። ከዚያ የደንገጎ ቁልቁለት አለ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በየመታጠፊያው ቆሞ የሚጓዝ በሬ ላለመውደቅ በአራት እግሩ ሲታገል ይወርዳል፣ ከደጋው ብርድም ወደ ድሬዳዋ ሚያዝያ ሙቀት ይገባል። ማታ ደርሶ ሌሎች ቅርጫዎችም በሬዎቻቸውን ባቆዩበት ግቢ ውስጥ ሳይታሰር ተለቀቀ። እርስ በርስ የማይተዋወቁ በሬዎች አንድ ግቢ ሲገቡ ማን የበላይ እንደሆነ ሳይወስኑ አያድሩም። ዘበኛው «አቦ፣ እነሱ እኮ ሁለት ሌሊት አላስተኙኝም!» ነበር ያለው። ሰንጋው ይዋጋ፣ ይወጣ፣ ይወጣበት ነበር። የቆዳው ሥር ምልክት የመጣው ከዚያ ነው። በመካከል አንድ ሰው ሣር ሊጥልለት አስቦ ሌላው «ለሚታረድ በሬ ምን ያደርግለታል?» ብሎ ከለከለው፤ ውኃ ብቻ ተሰጠው።

የእርሻው በሬ ታሪክ አጭር ነው። ከከተማው ዳርቻ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የባለቤቱ ልጅ እየመራ በእግሩ አመጣው፤ ከአጥር ውጭ ዛፍ ሥር ታስሮ ጭድ ሲበላና ሲያመነዥክ አደረ። ከሰው ጋርም ከመንገድ ጋርም የኖረ በሬ ነው። በዝግታ መራመድ ደግሞ የግላይኮጅኑን ክምችት ብዙም አይነካም፤ ዝግ ያለ ሥራ ኦክስጅን በቂ ስለሆነለት በስብ ሊሸፈን ይችላል። ክምችቱን የሚያራቁተው ድንገተኛ፣ ኃይለኛና የተደጋገመ ሥራ ነው፤ መዋጋትና መውጣት ደግሞ ከዚህ ዓይነት ሥራ ግንባር ቀደሞቹ ናቸው።

እንግዲህ ሐሙስ ሌሊትና ዓርብ በሰንጋው ጡንቻ ውስጥ የሆነው ይህ ነው። አድሬናሊኑ ፎስፎሪሌዙን «ኤ» አድርጎ አቁሞታል፤ በየግፊያው የሚለቀቀው ካልሲየም ያንኑ ትእዛዝ ይደግማል። ግላይኮጅኑ ከዕርድ በፊት፣ በሬው በሕይወት ሳለ ተነቅሎ አለቀ። የተገኘው ላክቲክ አሲድ በደም ታጥቦ ወደ ጉበት ሄዷል። ጉበት ከሱ ግሉኮስ መልሶ ሊሠራ ቢችልም የከብት ጡንቻ ክምችቱን የሚሞላው በዝግታ ነው፤ ጥሩ መኖና ዕረፍት እያገኘም ቢሆን ቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ ይወስዳል። ሰንጋው ያገኘው ውኃ ብቻ ነው። ቅዳሜ እኔ ስመረምረው ተረጋግቶ ቆሞ ነበር፤ ሙቀቱም ትንፋሹም ወደ ቦታው ተመልሷል። ክምችቱ ግን አልተመለሰም፤ ያንን ደግሞ ቴርሞሜትርም የሐኪም ጆሮም አያየውም።

ከጎረቤቶቼ ጋር በጣም ያከራከረን የስቡ ነገር ነበር። «ይህን ያህል የሰባ በሬ እንዴት ባዶ ይሆናል?» ይላሉ። ስብና ግላይኮጅን የተለያዩ ክምችቶች ናቸው። ስብ ለመቃጠል ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ከዕርድ በኋላ ኦክስጅን ስለሌለ ስቡ የቱንም ያህል ቢበዛ አንዲት ጠብታ ላክቲክ አሲድ አይሰጥም። ወደ ግላይኮጅንነትም ይህ ነው በሚባል መጠን አይለወጥም። የሰንጋው ውፍረት የወራት መኖ ውጤት ነው፤ የሥጋው ቀለም ግን የሁለት ሌሊት ውጤት ነው። ገበያ ላይ ሻኛውን እየደባበስን የምንገምተው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ጥቁረቱም ከዚሁ ይመጣል። ፒኤቹ ከፍ ብሎ ሲቀር የጡንቻው ፕሮቲኖች ውኃቸውን አጥብቀው ይይዛሉ፤ ክሮቹ ተነፍተው ብርሃንን ከማንጸባረቅ ይልቅ ወደ ውስጥ ያስገባሉ። በሴሉ ውስጥ ኦክስጅን የሚጠቀሙት ክፍሎችም በዚህ ፒኤች ላይ ሥራቸውን ስለሚቀጥሉ ከአየር የሚገባውን ኦክስጅን ይሻሙታል፤ ማዮግሎቢኑ ተነፍጎ ሐምራዊ እንደሆነ ይቀራል።

ሥጋው ይበላል ወይ? ይበላል፤ በዚያው ቀን ተበስሎ። በሽታ የለበትም፣ እንዲያውም ሲበስል ለስላሳ ይሆናል። ሁለት ነገር ግን አስጠነቀቅሁ። አንደኛው፣ አሲዱ ባለመኖሩ ባክቴሪያዎች ይመቻቸዋል፤ ቀድመው የሚመገቡት ግሉኮስም ስለሌለ ወዲያው አሚኖ አሲዶችን መብላት ይጀምራሉ፣ ሽታውም ቶሎ ይመጣል። በድሬዳዋ ሙቀት ይህን ሥጋ ለቁርጥ ማሳደር ወይም ቋንጣ አድርጎ መስቀል ገንዘብ መጣል ነው። ሁለተኛው የሚያስቅ ነው። እንዲህ ያለ ሥጋ በደንብ ከበሰለም በኋላ ውስጡ ቀላ ብሎ ሊቀር ይችላል፤ ያን ቀን ከአንድ ቤት በላይ «ጥብሱ አልበስል አለ» እያለ እሳት ላይ ሲያደርቀው ዋለ።

መደቦቹ ፈርሰው እንደገና ተሠሩ። ለእያንዳንዱ ቤት ከሁለቱም በሬዎች እኩል ተደርጎ ተመደበና ዕጣው ተጣለ። ለሁለት ቤቶች ሰንጋው ጨርሶ አልተዋጠላቸውም፤ ድርሻቸውን ከቀዩ ብቻ ወስደው ልዩነቱን በገንዘብ መለሱ። ሽማግሌውን በደላላ ያሙ ሰዎች ቀስ እያሉ ወደ ቤታቸው ለቡና ሄዱ፤ እሳቸውም ነገሩን አላነሡትም። ለገበሬው ስልክ የደወሉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ዋጋ ለማስመለስ አልነበረም፤ ገበሬው ግን መጀመሪያ የተረዳው እንዲያ ነበርና «ከእኔ ደጅ ሲወጣ ደኅና ነበር» እያለ ብዙ ተከራከረ። ትክክል ነው፤ ደኅና ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቅርጫው ሰንጋ ሲገዛ የሚያከብራቸውን ነገሮች ተስማምተናል። በሬው እስከ ዕርዱ ዋዜማ ገበሬው ደጅ ይቆያል፤ ለመቆያው መኖ እንከፍላለን። ከማያውቀው በሬ ጋር በአንድ ግቢ አይለቀቅም፤ ማደር ካለበት ብቻውን ታስሮ የለመደውን አገዳ እየበላ ያድራል። ሲነዳም በዱላና በጩኸት አይነዳም። እነዚህ ላይ ማንም አልተቃወመም። ሽማግሌው ግን አንድ እርምጃ አልፈው በሬው ለብቻው በትንሽ መኪና እንዲመጣ ሐሳብ አቀረቡ። የኪራዩን ዋጋ በየመደቡ አካፍለው በእርሳስ ጽፈውም አመጡ። ይህን ስጽፍ የዚህ ኪራይ ጉዳይ አልተቋጨም፤ ግማሹ ሠፈር ከሰንጋ ይልቅ ሁለት የእርሻ በሬ ገዝቶ መገላገል ይሻላል ባይ ነው።